የተፈታ ማተብ

«ከአንገቱ ላይ በጩቤ ቆርጬ ነው ያመጣሁት» አለ የባሏ የዘመቻ ጓደኛ ሣህሌ፣ ሰማያዊውን ማተብ በሁለት እጁ ለደብሪቱ እየሰጠ። «ሌላ ምልክት አላገኘሁም። ሬሳው እዚያው ዶጋሊ ቀረ።»

ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች እንደገና ጮኹ። በሬሳ ፈንታ የሚለቀስበት አልጋ ላይ የተዘረጋው የገብረማርያም ካባ ነበር። ሣህሌ በነጋዴ የላከው መርዶ እንጦጦ ከደረሰ ወዲህ ደብሪቱ ጠጉሯን ተላጭታለች፤ ጉንጮቿንም ቧጥጣለች። የባሏን ማተብ ተቀብላ በመዳፏ ጨበጠችው።

«ጣልያን እውነት ነጭ ነው?» አለች ከየካ ለለቅሶ የመጣችው ኢፍቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት» አለ ሣህሌ።

«ታዲያ ለሽንኩርት ይህ ሁሉ ሰው አለቀ?»

«ሽንኩርትም እኮ ያስለቅሳል።»

ኢፍቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የገብረማርያም እናት እማማ ዲንቄ ግን ቀና አሉ።

«ጠላቱ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?»

«ተመለሰ፣ እናቴ። ከምጥዋ ከወጣው ጦር የተረፈው ጥቂት ነው። ልጅዎም ከፊት ነበር።»

«ይኸው!» አሉ አሮጊቷ ደረታቸውን እየመቱ። «ልጄ ጠላት መልሶ ነው የሞተው!»

ማተቡን ያሰረችለት ደብሪቱ ነበረች። ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ሰሜን ሲነሳ፣ ከጥዱ ሥር አቁማ፣ ክሩን በምራቋ አርሳ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው።

«ኧረ አነቅሽኝ!» ብሎ ሳቀ። መሳቅ ይወድ ነበር፤ ሰው ሲያየው ደግሞ ይበልጥ። «ይህን እንግዲህ ከጩቤ በቀር የሚፈታው የለም።»

«እንዲያ እንዲሆን ነው» አለችው።

አሁን መዳፏን ከፈተች። ክሩ ሙሉ ነበር። ሁለቱም ጫፎቹ እሷ እንደገመደቻቸው ናቸው፤ ስለት አልነካቸውም። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ብቻ ተጨማዷል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ታግሦ፣ በጥፍሩ ፈትቶታል።

ሣህሌ በቅሎውን ሊያይ ሲወጣ ተከተለችው።

«አልቆረጥከውም። ማን ፈታው?»

«ተይኝ፣ ደብሪቱ።»

«ማን?»

ሣህሌ መሬት መሬቱን አየ። «እሱ ራሱ። መዋጋቱ ውሸት አይደለም፤ ጎን ለጎን ነበርን። አንድ ጭረት አልነካውም። ሐማሴን ላይ ባለርስት ሴት አግብቷል፤ ወልዳለታለች። ማተቡን ሲሰጠኝ፣ ‹ሞተ በላት፤ ፈታሁት እንጂ አልበጠስኩትም› ብሎ ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

ደብሪቱ የተላጨ ራሷን በእጇ ዳሰሰች። ጉም ከጋራው ወርዶ ዳሱን ሸፍኖታል።

«እናቱንስ? ምን በላቸው አለህ?»

«ስለ እናቱ ምንም አላለም።»

ከዳሱ ውስጥ የእማማ ዲንቄ ድምፅ መጣ። «ደብሪቱ! ማተቡን አምጪልኝ፣ ልጄ። አብሮኝ ይቀበር። ክሩን የፈተልኩት እኔ አይደለሁም?»

ሣህሌ ደነገጠ። «ክሩን ካዩት ያውቃሉ።»

«ጩቤህን ስጠኝ።»

ክሩን ወደ አፏ ወሰደች። አፏ ደርቆ ስለነበር ለማራስ ጊዜ ፈጀባት። የክሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታ ሦስት ጊዜ ቋጠረች፤ እስኪጠነክር ሳበችው። ከዚያ በቋጠሮው ትይዩ ጩቤውን አስገብታ በጠሰችውና ለእናቱ ይዛላቸው ገባች።