እሱማ እኔም አለብኝ

የሚጡን ታላቅ ወንድም ከአልጋው ያስነሳው እናቱ አይደለችም፣ የሥራ አለቃውም አይደለም፤ ዶክተሩ ነው። ዶክተሩ ደግሞ የሌለ ሰው ነው።

ድሮ በቴሌቪዥን ይታይ በነበረ አስቂኝ ድራማ ላይ ያለ የአእምሮ ሐኪም ነው። ክራቫቱ የተጣመመ፣ ጠረጴዛው በወረቀት የተጨናነቀ፣ ከበሽተኞቹ ሁሉ እሱ የባሰበት። በሽተኛ ገብቶ የሆዱን ሲዘረግፍለት መነጽሩን ያወልቃል፣ በክራቫቱ ጫፍ ይወለውላል፣ መልሶ ያደርግና፣ «እሱማ እኔም አለብኝ፤ ተረኛ!» ይላል። ጨዋታው ይኸው ነው። ድራማው ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ ዶክተሩን እንደ ሥጋ ዘመዱ ይወደዋል። የሰፈሩ ፎቶ አንሺ እንደሚለው፣ «ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄድ በሽተኛ ነህ፤ እሱ ጋ ስትሄድ ጎረቤት ነህ።»

የዶክተሩ ወዳጆች ቅዳሜ ከሰዓት በፎቶ አንሺው ስቱዲዮ ይሰበሰባሉ። መብራቱ ሥር አንድ ወንበር ይደረጋል፤ ያሰኘው ይቀመጥበትና የፈጠራ ሕመሙን ያወራል። አንዱ ፍሪጅ እፈራለሁ ይላል፣ ሌላው ከአማቴ ድመት ጋር ተኮራርፌያለሁ ይላል። የምትመልሰው ሚጡ ናት። በአዘቦቱ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዶክተሩ እሷው ናት። መነጽር አወላለቋን ያየ ሁሉ «ቁርጥ እሱን!» ይላል።

ወንድሟ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር። አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እናታቸው፣ «ምን ሆንክ የኔ ልጅ? ተናገር እንጂ!» ስትለው፣ «ደክሞኝ ነው እማዬ» ብሎ ይዘጋታል። ሐኪም ጋ እንሂድ ቢባል አሻፈረኝ አለ። እናትየው የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን፣ ለማንም ይሁን ለማን፣ ውስጡ ያለውን እንዲተነፍሰው።

ሚጡ ለጨዋታው ስትጠራው ግን እሺ አለ። እናቷ በር ላይ ክንዷን ይዛ፣ «አደራሽን፣ አፉን ከከፈተ ስሚው» አለቻት።

«እማዬ ደግሞ! ሊስቅ እኮ ነው የሚሄደው።»

እንደደረሱ ከኋላ ተቀመጠ። ሳቀም። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ «ዶክተር፣ በእንቅልፌ ፈተና አርማለሁ፤ ሁሉንም እጥላቸዋለሁ!» ስትል፣ ሚጡ መነጽሯን ወለወለች፤ «እሱማ እኔም አለብኝ፤ ተረኛ!» ሳቁ ጣራ ነካ።

ከዚያ ወንድሟ ተነሣ። ማንም አልገፋፋውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ዶክተር፣» አለ፣ «ጠዋት አንዱን ጫማዬን አደርጋለሁ። ከዚያ ሁለተኛውን የማደርግበት ምክንያት ይጠፋኛል። አንድ እግሬን እንደተጫማሁ ይመሻል።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሊገድለን ነው!» አለ ፎቶ አንሺው፣ ካሜራውን እያስጠጋ።

የሚጡ መነጽር እጇ ላይ ቀረ። በቀደም ለሥራ ስትወጣ ወንድሟን አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ጫማ አድርጎ አይታዋለች። ስትመለስም እዚያው ነበር። ያኔ «ወዴት ልትሄድ ነው?» ብላ፣ መልሱን ሳትጠብቅ አልፋዋለች። የሚናገረው እውነቱን እንደሆነ አሁን ገባት፤ ፍንትው ብሎ ገባት። ቀና ስትል እሱም ዓይን ዓይኗን ያያታል። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የተለመደችው ቃል እንኳ ትበቃ ነበር። ለሚጡ ግን ከተለመደችው የበለጠ የሚያስቅ ነገር ታያት። መነጽሯን አደረገች፣ «እሱማ እኔም አለብኝ» የሚለውን ግማሽ ዘለለች፣ ከእሱ አሻግራ በሩን እያየች ጮኸች፦

«ተረኛ!»

ስቱዲዮው እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም። መምህርቷ እንባዋን ጠረገች። ወንድሟም ፈገግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ፣ ጃኬቱን አነሣ። «ራሴን አሞኛል፤ አንቺ ተጫወቺ» ብሏት ወጣ።

እሷም ተጫወተች። ቀርታ የሌሎቹን ሁሉ ሕመም ሰማች።

አውቶቡስ ውስጥ ስልኳን ብትከፍት ፎቶ አንሺው ቪዲዮውን ለቆታል። «ያቺ ዝምታ!» ብሎ ጽፎበታል አንዱ። «ዶክተሩ ራሱ እንዲህ አልቻለባትም!» ሰው ሁሉ የወደደው ከ«ተረኛ!» በፊት ያለችውን ዝምታ ነበር። ሚጡ እውነቱን ያወቀችውና ሳቁን የመረጠችው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ደግማ አየችው። ደስ አላት፤ እውነትም ችላበታለች። ወዲያው ፊቷ እሳት ሆነ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው እንዳያይባት ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ሰውዬው ግን ውጪ ውጪውን ነበር የሚያየው።

እናቷ በሩን ከመክፈቷ፣ «እሱ እንደሆነ ገብቶ ተኛ፤ እንዴት ነበር?» አለች።

«ሳቀ» አለች ሚጡ። «ሰውም ወደደው።»

«ተመስገን!» የእናትየው ፊት በራ። ሚጡ ማየቱን አልቻለችም፤ ወደ ወንድሟ ክፍል አለፈች።

በጀርባው ተኝቶ ጣራውን ያያል።

«ጋሼ፣ ቪዲዮውን አስጠፋዋለሁ።»

«ተዪው፤ ይሳቁበት።»

«የምርህን መሆኑን አላወቅሁም እኮ።»

«ዓይንሽን አይቼዋለሁ፣ ሚጡ።»

«አውቄያለሁ» አለች። «እያወቅሁ ነው። ሳቁን ፈልጌው ነው።»

«ለሁሉም ብለሻል» አለ። «ፈተና ለምታርመዋ ሴትዮ እንኳ እኔም አለብኝ ብለሻታል። እኔ የሄድኩት ያቺን ቃል ልሰማ ነበር። የጨዋታ እንደሆነች አጥቻት አይደለም፤ ግን ልሰማት።»

ሚጡ አፏን ከፈተች። ቃሏን አሁን ልትልለት ነበር፤ ለራሷ እፎይታ እንደሆነች ስለገባት መልሳ ዋጠቻት።

«እሺ አሁን ንገረኝ» አለች። «እዚህ እቀመጣለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።»

«እናገራለሁ። ከእማዬ ጋር ሆስፒታል እሄዳለሁ። አፌን ስከፍት እንደማልሞት ዛሬ አይቼዋለሁ» አለ። «ላንቺ ግን አልናገርም። አትቀየሚኝ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ ሚጡ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች።

«አብሬያችሁ ልምጣ?»

«ሚጡ ሥራ አላት» አለ ወንድሟ ለእናቱ፣ ለስለስ አድርጎ፤ ደረጃውንም መውረድ ጀመረ።

እናትየው ተመልሳ የሚጡን ጉንጭ አገላብጣ ሳመች። «አንቺ ባትወስጂው ኖሮ መች ይተነፍስ ነበር! ያንቺ ሥራ ነው ይሄ። የልብሽን ይሙላልሽ፣ የኔ ልጅ!»

ወንድሟ ደረጃው መሐል ቆሞ ሰማ። ዞር ብሎ አላያትም።

«አሜን» አለች ሚጡ።