ጋሽ ኪየት የከፈቱት ገበያ

እኔ ታም አፌ ክፉ ነው። ሚቶ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሾርባዬ ጥሩ ስለሆነ ግን ስድቤንም አብረው ይጠጡታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሳማ አጥንት ቀቅዬ፣ የሩዝ ኑድል አፍልቼ፣ ተሸካሚውንም መምህሩንም እኩል አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ አብልቻለሁ። ርካሽ ነው፤ ማንም ኪሱን ሳይዳብስ ገብቶ ይቀመጣል።

ቀድመው የማይገቡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ኪየት። በየማለዳው ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ይቆማሉ። ሌላ ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ያን ጊዜ ተሻግረው ይመጣሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ!

ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ ነጋዴዎች ዘንድ ገበያውን የሚከፍተው የቀኑ የመጀመሪያ ደንበኛ ነው። እግሩ እርጥብ ከሆነ ድስቱ ያልቃል፤ ደረቅ ከሆነ ዝንብ ስታባርር መዋል ነው። ጋሽ ኪየት ሚስታቸውን በቀበሩ በሳምንቱ ከሰው ሁሉ ቀድመው መጡ። አቀረብኩላቸው። አንዴ ጎረሱ፣ የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጡ፣ ከፍለው ወጡ። ምግቤን ንቀው ነው ብዬ በገንኩ። ኀዘን ጉሮሯቸውን ዘግቶት እንደሆነ እኔ እብዷ መች ገባኝ! «ገደ ቢስ!» ብዬ ጋዜጣ ለኮስኩና ደጃፌ ላይ አወዛወዝኩ፤ ክፉ ገድ የሚባረረው እንዲያ ነው። ቀና ስል ለካ ባርኔጣቸውን ረስተው ተመልሰው ኖሮ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። በማግስቱ ከማዶ ቆመው አየኋቸው።

ይቅርታ ልበል ልበል እልና አፌ ይተሳሰራል፤ ለስድብ እንጂ ለሌላ አልተፈታም። በይቅርታ ፈንታ ሥጋ እጨምርላቸዋለሁ፣ ለስላሳውን ጉበት ደብቄ አስቀርላቸዋለሁ። እሳቸውም «እጅሽ ይባረክ፣ ታም» ብለው ይበላሉ። እንደሱ ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ባለፈው ወር ዓይናቸው ደከመና ሱቃቸውን ዘግተው ዳላት ከተማ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ሆነ። አውቶቡሱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ዕለት ከሌሊት ጀምሮ ሰማዩ ተቀዶ አድሯል፤ መንገድ ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ጋሽ ኪየት ሻንጣቸውን ይዘው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ እዚያችው ቦታቸው ላይ ቆመዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ማንም አልገባም። እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ሆዳቸው ባዶ እንደሆነ ሊሄዱ ነው አልኩ፤ ያን ነገር በልባቸው ይዘው ሊሄዱ ነው።

«ጋሼ! ምን ይገትርዎታል? ይግቡ እንጂ!»

«ግድ የለም፣ ሰው ይቅደም።»

«የምን ሰው? በዚህ ዶፍ ዳክዬ እንኳ አይወጣም!»

«እንግዲያው ይቅር፣ ታም። ልሰናበትሽ ብዬ ገበያሽን አላደርቅም።»

ከጎኔ ሎተሪ የምትሸጠው ኡት ደግሞ አንገቷን አስግጋ፣ «እውነታቸውን ነው፣ ተያቸው! ዛሬኮ የወሩ መባቻ ነው። ወሩን በሙሉ ልታበላሺው ነው?» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! ያንቺ ሎተሪ ለማን ወጥቶ ያውቃል?»

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ። ማዶ ስደርስ እንደ አይጥ በስብሻለሁ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የለኮስኩት እሳት ዐሥራ አንድ ዓመት እኔኑ ሲፈጀኝ ኖሯል። ይቅር ይበሉኝ። ይግቡና ይክፈቱልኝ።»

አፈር አሉ፣ ጫማቸውን ጫማቸውን አዩ። «ብትከስሪስ?»

«ልክሰራ! አጥንቱ የኔ፣ ድስቱ የኔ፣ ምን አገባዎት!»

ሳቁ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ፤ ጫማቸውን ጠራረጉና ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ። ቅንጣት ሳያስቀሩ በሉ፣ ሾርባውን ሳህኑን አንስተው ጨለጡት። ገንዘቡን አልቀበልም ብል ተቆጡኝ።

«በነጻ የበላ ሰው ገበያ አይከፍትም! ተቀበይ!»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ዛሬ ይቀናሻል፣ ታያለሽ» አሉኝ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። እኔም ጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ዝናቡ እስከ ቀትር አላባራም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ምሳውን ቤቱ በልቶ ነው መሰል ዝር አላለም። ሦስት ሰው ብቻ ገባ፤ ከነሱም አንዱ መንገድ ጠይቆ ወጣ። ኡት ጋዜጣና ክብሪት ይዛ መጣች። «አሁንስ አመንሽኝ? በይ ለኩሺ።»

«ያንን ክብሪት ብትጭሪ ይህን ድስት ነው እላይሽ ላይ የምደፋው!» አልኳት። ደንግጣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የጋሽ ኪየት ልጅ ዲየም ናት።

«እትዬ ታም፣ አባባ አስቸገሩኝ እኮ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ እንኳን ደህና ቆየሽኝ ሳይሉኝ ‹ታም ጋ ደውዪ› ነው ያሉኝ። መንገዱን ሁሉ ለተሳፋሪው ‹ዛሬ የታምን ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ› ሲሉ ነው የመጡት አሉ። እንኪ፣ እሳቸው ናቸው።»

ድምፃቸው ቀስ ብሎ መጣ። «ታም... እንዴት ዋለ? ሸጥሽ?»

ድስቱን አየሁት። ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው፣ ስቡ ረግቶ ነጭ ሆኗል። ኡት አፌን አፌን ታያለች።

«ሸጥሽ ይሉኛል እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። «አራት ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ተጠርጎ! የተሰለፈውን ሰው እየተሳደብኩ ነው የመለስኩት!»

ድምፃቸው ከፍ አለ።

«እውነትሽን ነው፣ ታም?»

«እኔ አፌ ክፉ ነው እንጂ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ጋሼ!»

ስልኩን መዝጋቱን ረሱት። «ዲየም! ዲየም! ሰማሽ? አልቋል! በአራት ሰዓት አልቋል!» እያሉ ልጃቸውን ሲጣሩ ሰማሁ።