ከውስጥ ኪስ ያለው ሸሚዝ

ነርሷ ከተናገረችው ሁሉ ለባልየው የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስለ ቁስሉ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ወደፊት ስለሚደረገው ምርመራ ስታስረዳው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ እንጂ አንዱም ጠብ አላለለትም። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አለች፦

"ከላይ የሚጠለቅ ልብስ አይሆናትም፤ ክንዷን ማንሳት አትችልም። ከፊት የሚከፈት፣ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ይሁን። ቱቦዎቹም ተንጠልጥለው እንዳይጎትቷት የሚያዙበት ነገር ፈልጉ።"

ያኔ ቀና አለ። "ከፊት የሚከፈት" ሲል ደገመ። "እጅጌውስ?"

"እሱም ሰፊ ይሁን።"

"ብብቷ ጋ ስፌት እንዳያርፍባት ነዋ።"

ነርሷ ከያዘችው ወረቀት ላይ ዓይኗን አንስታ አየችው። "ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አለ፤ ወዲያው ደግሞ አረመው። "ማለት፣ እኔ እቆርጣለሁ። የምትሰፋው እሷ ናት።"

በሰፈሩ "ጋሽ ሜትር" ይሉታል። የልብስ ሜትሩ ከአንገቱ አይለይም፤ ቀብር ላይ ሳይቀር ከኮቱ ሥር አንጠልጥሎት ታይቷል። ሚስቱም በትዳራቸው ዘመን ሁሉ "ሜትር" እያለች ነው የምትጠራው፤ ስትቆጣ ብቻ "አንተ ሰውዬ" ይሆናል። የሱቁ ሥራ ከመጀመሪያው ለሁለት የተከፈለ ነበር። እሱ ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይቆርጣል። እሷ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ትሰፋለች። እሱ መኪናው ላይ ከተቀመጠ ክር ይበጥሳል፤ እሷ መቀስ ካነሳች እሱ ዓይኑን ይጨፍናል።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሚስማር የተሰቀለ የካርቶን ልክ አለ፤ ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ። የሚስቱ ልክ ነው። እንደተጋቡ ሰሞን ነበር ያወጣው። ጠርዙ ሲበላ በሌላ ካርቶን እየገለበጠ፣ ሰውነቷ ሲሞላ እየጨመረ እዚህ አድርሶታል። ወደ ሱቁ የመጣች ሴት ሁሉ ቀሚሷ የሚጀመረው ከዚያ ካርቶን ነው፤ ለወፍራሟ ይጨምራል፣ ለቀጭኗ ይቀንሳል፣ ለአጭሯ ከታች ያሳጥራል። "የሰፈሩ ሴት ሁሉ እኔን ለብሶ ነው የሚዞረው" እያለች ትስቅ ነበር።

ከሆስፒታል ስትመለስ ግራ ጡቷ አልነበረም። ከብብቷ ዝቅ ብሎ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከገላዋ ወጥተዋል፤ በየጫፋቸው ቁስሉ የሚያወጣውን ፈሳሽ የሚስብ የላስቲክ ኳስ አለ። ታናሽ እህቷ ልታስታምማት መጣችና ሁለቱ መኝታ ቤቱን ያዙ። እሱ ትራሱን አንስቶ ወደ ሳሎኑ ሶፋ ሄደ። ለጊዜው ነው ተባለ፤ እሱም ለጊዜው ነው አለ።

ኳሶቹ ጠዋትና ማታ ይደፋሉ። ያኔ በሩ ይዘጋል። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እጅ ሲታጠብ፣ ክዳን ሲከፈት፣ እህትየዋ "ዛሬ ነጣ ብሏል፣ እሰይ" ስትል ይሰማል። አንድ ጠዋት "ልግባ?" አለ።

"አትግባ" አለች ሚስቱ ከውስጥ።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ቢሆን ኖሮ መልስ ያገኝለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው ያ በር እንዲከፈትለት ብቻ ሆነ። ማባበል አያውቅበትም፤ ሞክሮ የባሰ አበላሽቷል። የሚያውቀው ልብስ ነው። ነርሷ ያለችውን ሸሚዝ አሳምሬ ከሠራሁላት፣ እሷው ራሷ ትጠራኛለች ብሎ አመነ።

እህትየዋን ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ስታደርቅ አገኛት።

"ኳሱ ምን ያህላል? ሲሞላ ማለቴ ነው።"

"ሎሚ በለው፤ ትልቅ ሎሚ። ደፍተነው ስናበቃ ጨፍልቀን አየሩን አስወጥተን ነው የምንዘጋው። ካልተጨፈለቀ አይስብም።"

"አሁን በምን ይዛችሁታል?"

"በመርፌ ቁልፍ፣ ከሌሊት ልብሷ ጋር። ትናንት ማያያዙን ረስታ ብድግ ስትል ተንጠልጥሎ ቀረ። እንዴት እንደጮኸች!"

"ሰምቻለሁ።"

"ጋሼ፣ ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ? ራሷን አትጠይቃትም?"

"እሷማ መቼ አስገባችኝ።"

እህትየዋ የደረቀውን ብርጭቆ እንደገና ማድረቅ ጀመረች።

ከሱቁ ጨርቆች ሁሉ ለስላሳውን ሰማያዊ ጥጥ መረጠ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ ካርቶኑን ከሚስማሩ አውርዶ ጨርቁ ላይ በዙሪያው አሰመረ። በሁሉም በኩል ሰፋ አደረገው። ሐሳቡ ግን ኪሶቹ ላይ ነበር። ከውስጥ በኩል ወገቧ ጋ ሁለት ኪስ፤ አፋቸው ሰፊ፣ እጇን ሳትዘረጋ የምትደርስበት። ከኪሶቹ በላይ ቱቦው ሳይታጠፍ እንዲያልፍ ጠባብ መያዣ። የብብቱን ስፌት ገልብጦ ወደ ውጭ አወጣው፤ ከውስጥ አንድም የሚቧጥጥ ነገር እንዳይኖር።

መስፋቱ ነው የከበደው። የእሷ መኪና ላይ ተቀመጠ። ወንበሯን ለራሱ ቁመት አላስተካከለውም፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ፣ ክር እየበጠሰ፣ በሐሳቡ ስትሳደብ እየሰማት ሰፋ። ሲጨርስ ሁለት ትንንሽ ላስቲክ ውሃ ሞልቶ ቋጠረ፤ ኪሶቹ ውስጥ ከትቶ ሸሚዙን ራሱ ለበሰና ሱቁ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። ጎንበስ አለ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በበሩ ስንጥቅ አየው።

"ጋሽ ሜትር! ስንተኛ ወርህ ነው?"

"ሂድ ጸጉርህን ላጭ፣ ወሬኛ!"

"አይ፣ ወንድ ከሆነ በስሜ ጥራልኝ ብዬ ነው።"

ሳያስበው ሳቀ። ከሆስፒታሉ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ውሃው አልፈሰሰም፤ ኪሱም አልተጎተተም። ሸሚዙን ተኩሶ አጣጠፈና በጠዋት ይዞላት ሄደ።

በሩን የከፈተችለት እህትየዋ ናት። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ግራ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። የለበሰችው የእህቷን ሰፊ የሌሊት ልብስ ነው። ከወገቧ በላይ ላለማየት ዓይኑን ጭኗ ላይ አደረገ። ሸሚዙን ተቀብላ እንደ ልማዷ መጀመሪያ የጫፉን ስፌት አየች።

"ማነው የሰፋው?"

"እኔ።"

"ያስታውቃል። የሰካራም መንገድ ነው የሚመስለው።" እህትየዋ ሳቀች። "በኔ መኪና ነው እንዴ?"

"በምን ይሁን ታዲያ?"

"መርፌ ሰበርክ?"

"አንድ ብቻ።"

"ዋሾ" አለች። እጇ ከውስጥ ኪሱን አገኘው። ጣቶቿ ገቡ፣ ወጡ፣ ከላይ ያለችውን ጠባብ መያዣ ዳሰሱ። ለቱቦ መሆኑ ገባት። ሌላውን ወገን ሳታገላብጠው ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "ውጣ፣ ልልበሰው" አለች ረጋ ብላ። "ከዚያ ትገባለህ።"

ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ "ቀስ፣ መጀመሪያ የታመመውን እጅ"፣ ከዚያ "ውይ ሲመች! ልክ ገባ እኮ ኳሱ" የሚል የእህትየዋን ድምፅ ሰማ። ከዚያ የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ አለ፤ መስተዋቱ እዚያ ላይ ነው።

"ሜትር" ብላ ጠራችው። "ግባ።"

መስተዋቱ ፊት ቆማለች። ሸሚዙ በቀኝ በኩል ገላዋ ላይ አርፏል። በግራ በኩል ጨርቁ ከደረቷ ተነጥሎ ባዶውን ተነፍቷል፤ ስትተነፍስ ገባ ብሎ ይረግባል፣ ተመልሶ ይነፋል። ከብብቱ ወደ ደረቱ የምትሄደው፣ ለጡት ቦታ የምትሰጠው ትንሿ እጥፋት በሁለቱም ወገን፣ እኩል፣ ጥንቅቅ ብላ ተሰፍታለች።

"ይሄን ለማን ነው የሰፋኸው?" አለችው።

"ካርቶኑን አስቀመጥኩና… ኪሱን ሳስብ፣ ኪሱን ብቻ ሳስብ… እጄ ነው የሠራው።"

"እኮ። እጅህ የሚያውቃት ሌላ ሴት ናት።"

"እትዬ" አለች እህትየዋ፣ "ስህተት ነው እኮ፤ ይተረተራል…"

"አንቺ ውጪ እስቲ።"

በሩ ተዘጋ። አሁን እሱ ከውስጥ ነው። እንዲህ ይሆናል ብሎ ግን አልጠበቀም።

"ስጪኝ፣ አሁኑኑ ላስተካክለው።"

"በማን ልክ?"

"ልክሽን መቼ አጣ…" አቋረጠው። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ልክ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። "አላውቀውም" አለ።

ሚስቱ አልጋው ላይ ተቀመጠች። "ቁስሉ ስለሚያስቀይም የዘጋሁብህ እንዳይመስልህ። ያስቀይማል። ግን እኔ የምፈራው ፊትህን ነው። ሴት ስትለካ አፍህ ዝም ይልና ቅንድብህ ይናገራል። ወገቧ የሰፋ እንደሆነ፣ ትከሻዋ የጎበጠ እንደሆነ ብድግ ይላል። ስንት ዘመን ከመኪናው ኋላ ሆኜ ስቄብሃለሁ። ያንን ቅንድብ በራሴ ላይ ማየት አልችልም።"

"አላነሳውም።"

"ምኑን?"

"ቅንድቤን።"

ልትስቅ ምንም አልቀራት ነበር። ከዚያ በቀኝ እጇ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታችና ጨርቁን ወደ ጎን አደረገችው። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።

ፋሻው ተነስቷል። ደረቷ በዚያ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ከመሃል ተነስቶ እስከ ብብቷ የሚሄድ ቀይ ስፌት አለ። ቱቦዎቹ ከሥሩ ወጥተው፣ እነሱም በክር ከቆዳዋ ጋር ተይዘው፣ ወደ ኪሶቹ ይወርዳሉ። በመጀመሪያ በሐሳቡ የመጣው፣ የሰፋው ሰው እጁ ጥሩ ነው፣ ስፌቱ እኩል ነው የሚል ነበር። እንዲህ በማሰቡ ራሱን ጠላ። ቅንድቡ አልተነሳም። አገጩ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ሊይዘው ቢሞክርም አልተያዘለትም፤ እንባው በአፍንጫው ጎንና ጎን ወረደ።

"በቃ" አለች። "አየህ።"

"ቆይ፣ ልለካሽ።"

ሜትሩን ከአንገቱ ሳበው። የሜትሩ ጫፍ ብረት ነው። ትከሻዋ ላይ ይዞ ወደ ታች ሲለቀው ብረቱ ስፌቱ አጠገብ ነካት። ሽምቅቅ አለች።

"ቀዘቀዘሽ?"

"አልተሰማኝም።" ድምፅዋ ተቀየረ። "ስትነካኝ አየሁህ እንጂ አልተሰማኝም። እዚያ ጋ ምንም አይሰማኝም፣ ሜትር። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሎኛል።"

ከዚያ አለቀሰች። ሆስፒታል ስትገባም፣ ስትወጣም፣ ቱቦው ሲጎትታትም ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ደረቷ በተነቃነቀ ቁጥር ስለሚያማት ለቅሶውን በአፏ ልታስቀረው ትሞክራለች። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ቱቦው አለ፣ ስፌቱ አለ፣ ክንዷ አለ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

"በየት በኩል ልያዝሽ?"

"በየትም። አሁን በየትም።"

እጁን መለሰ። መሬት ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጠ። ሜትሩን ጣቱ ላይ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ለቅሶዋ እስኪበርድ ብዙ ቆየ።

"ዛሬም ከእህቴ ጋር ነው የማድረው" አለች።

"እሺ።"

"ነገም።"

"እሺ።"

"እስከ መቼ ነው ብለህ አትጠይቀኝ።"

"አልጠይቅሽም።"

በአንድ እጇ ሸሚዙን አወለቀች። ኳሶቹን ከኪሶቹ ስታወጣ ይዞ አገዛት፤ ለብ ያሉ ነበሩ። የእህቷን የሌሊት ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሸሚዙን አቀበለችው። "ቶሎ አድርሰው ግን" አለች ወደ መስኮቱ እያየች። "ኪሱ ጥሩ ነው።"

ሱቁን ከፍቶ የግራውን እጥፋት በምላጭ ተረተረ። ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች በመስመር ቀሩ። በውሃ አርሶ በጣቱ አሸው፣ በካውያ ደጋግሞ ተጫነው፤ አልጠፉም። ከዚያው ጨርቅ ሌላ ነበረው፤ ከአዲስ ሊቆርጥ ይችል ነበር። ግን ቶሎ አድርሰው ብላዋለች። መለካቱን አልጨረሰውም፤ ባየው ብቻ አሰመረና የግራውን ወገን ከትከሻ እስከ ወገብ ቀጥ አድርጎ ሰፋው።

ሲመለስ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። ኳሶቹ የሚደፉበት ሰዓት ነበር። አንኳኳ። እህትየዋ በሩን በጠባቡ ከፍታ እጇን ስታወጣ፣ ሸሚዙን አጣጥፎ እጇ ላይ አኖረላት።

"ልግባ ይላል ልበላት?" አለችው በሹክሹክታ።

"ተያት" አለ። "ክንዷን እንዳታነሺባት ብቻ።"