የሚስተር ሲድኒ መርዶ

አልታየሽ በእንግሊዝ አገር፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄደች የምትረዳ ሴት ናት። ሚስተር ሲድኒን ማጠብና ማልበስ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዲስትሮየር በሚሏት የጦር መርከብ ላይ ባሕረኛ ነበሩ፤ ሥራቸው ወደ ሩሲያ ስንቅ የሚጭኑትን መርከቦች ማጀብ ነበር። ከስንቅ መርከቦቹ አንዷ ተመትታ ስትሰጥም አርተር የሚባለውን መርከበኛ ከዚያ በረዶ ባሕር በገመድ ጎትተው አወጡት። ይኸው ሃምሳ ዓመት፣ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ቀድሞ የሞተውን የቀረው ሊሸኘው ተማምለዋል። ይህንን አልታየሽ መቶ ጊዜ ሰምታለች።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስልክ ጮኸ። የአርተር ልጅ ናት።

"አባቴ አረፈ። ቀብሩ ዓርብ ነው፤ ንገሪልኝ።"

ሚስተር ሲድኒ ሾርባቸውን እየጠጡ ቀና አሉ። "ማን ነው?"

"ከቢሮ ነው" አለች።

ምን ታድርግ? መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። ልቡ ለደከመ ሰው፣ ያውም ብቻውን ማንኪያ ይዞ ለተቀመጠ፣ እንዴት ዱብ ይደረግበታል?

ማታ ለጎረቤቷ ለእንግዳወርቅ ነገረቻት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ፈረንጅ እኮ ናቸው! ነገውኑ ንገሪያቸው።"

"ፈረንጅ ልብ የለውም? ቅዳሜ ሥራ የለሽም፤ ማልደን አብረን እንሄዳለን።"

"ቀብሩስ?"

"በዚህ ብርድ መቃብር አፋፍ ቆመው ሊሞቱብኝ ነው?"

"አንቺማ አንዴ ካልሽ አልሽ ነው።"

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አልታየሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘችና አረዳቻቸው።

ሚስተር ሲድኒ አላለቀሱም። "ቀብሩ መቼ ነው?"

"ትናንት ነበር።"

"አንቺ መቼ ሰማሽ?"

"ማክሰኞ።"

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አወጡ።

"አርተርን ሳወጣው ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ውሃ ውስጥ ነበሩ" አሉ። "የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ከእኛ በታች ስለ ነበረች ካፒቴኑ ጥሏቸው ሄደ። 'ከኋላ ያለችው መርከብ ታነሣቸዋለች' አለን። ከኋላችን መርከብ አልነበረም። እውነቱን የነገረን ወደብ ከደረስን በኋላ ነው። እሱም የዋሸን ለእኛ አዝኖ ነው አሉ።"

"በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር" አለች አልታየሽ።

"በእናንተ አገር ቀብር አይኬድም?"

 እንግዳወርቅ የአልታየሽን ነጠላ ጎተት አድርጋ "እንሂድ" አለቻት። አልታየሽ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"የአርተር ልጅ ሲድኒ ቀረ ትላለች" አሉ ሽማግሌው። "ሃምሳ ዓመት ወዳጁ ሆኖ፣ በመጨረሻው ቀን ተወው ትላለች።"

አልታየሽ ብድግ ብላ ለልጅቷ ደወለች።

"እኔ ነኝ፣ የሚስተር ሲድኒ ረዳት። እሳቸው አልቀሩም። እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው።"

 ልጅቷ፣ "ለምን?" አለች።

ሳምንቱን ሙሉ ግልጽ ሆኖ የታያት ነገር አሁን በእንግሊዝኛ አልወጣ አላት። እንዲረዷት ሚስተር ሲድኒን ዞር ብላ አየች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

"ንገሪያት" አሉ።