ገዝቶ ማጣት

ያ ዓመት ከባድ ነበር። ሰመራ ላይ ዝናብ ጠፋ፣ ከብት አለቀ፣ የካሚልን ጌም ቤትም ሰው ራቀው።

ይህ ሳያንስ አንድ ጠዋት የጌም ማሽኑን ሲከፍት ጌም ሻጩ ኩባንያ አካውንቱን ዘግቶበታል። ሲዲዎቹን ሸጦ በኢንተርኔት የገዛቸው ጌሞች በሙሉ አብረው ጠፉ።

«የሸጡልኝን ፍየል በረቴ ገብተው ይነዱታል እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«መቼ አስረከቡህ?» አለች ሚስቱ ኸሊዳ። «ገመዱን እነሱ እንደያዙ ወተቱን ብቻ ነው ያጠጡህ።»

«ሌቦች!»

ከሰዓት በኋላ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ኢስማኤል ደጁ ላይ መኪናውን አቆመ። ከዓመታት በፊት ለልጆቹ የተዋሰውን የኳስ ጌም ሲዲ ከነሽፋኑ ይዞ ገባ።

«ካሚሎ፣ አውፍ በለኝ። የሰው አማና በልቼ ልሞት ነበር።»

ካሚል ሲዲውን አስገባ። ማሽኑ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ጨዋታውን ከፈተ።

«ይህንን መጥተው ይውሰዱት እስቲ!» አለ።