በአቋራጭ የመጣ ጠጅ

የሙሽራው ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ከመኪና ሲወርዱ ክው አልኩ። የወንድሜን የኤዘንዋን ልጅ ንኪሩካን ሊወስዱ ከጆስ ከተማ ድረስ የመጡ ሰዎች አንድ ጠርሙስ እንኳ አልያዙም። ከፊት የሚመራቸው የሙሽራው የኬኔቺ አጎት ኦኩዎሳ ነጭ ቀሚሱ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ርሶ ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል። ሽታው እሱን ቀድሞ ግቢ ገባ።

«ጠጥተው ነው እንዴ የመጡት?» አለች ጎረቤቴ።

«ዝም በይ አንቺ!» አልኳት። እኔም ግን ያንኑ ነበር የጠረጠርኩት።

ከጆስ ወደ እኛ ከተማ ሁለት መንገድ አለ። ረጅሙ መጠጥ እንደልብ በሚሸጥበት አገር ብቻ ያልፋል። አጭሩ ግን አንድ ድልድይ ተሻግሮ በጎረቤት ክልል ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ወደኛ ይገባል፤ እዚያ መጠጥ መሸጥም መጫንም ክልክል ነው። ከድልድዩ ወዲህ ሴቶች ቢራ በበረዶ ነክረው በመኪና መስኮት ይሸጣሉ፤ ከድልድዩ ወዲያ ያው ቢራ ወንጀል ነው። እዚህ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እንግዳ ግን ከየት ይወቅ?

«ከድልድዩ ማዶ ኬላ ላይ ጠባቂዎች አስቆሙን» አለ ኦኩዎሳ። «ቢራውን ከነሳጥኑ አስፋልት ላይ ከሰከሱት። ጂኑን ደፉት። የዘንባባ ጠጁን እንስራ አልሰጥም ብዬ ባቅፈው፣ እቅፌ ውስጥ እንዳለ በዱላ ሰበሩት። በዚህ እድሜዬ በጠጅ ታጠብኩ!»

አንዳንዱ ሳቀ። ንኪሩካ አልሳቀችም።

በቤታችን ደንብ አባት ከሙሽራው ቤት የመጣውን ጠጅ በቅል አድርጎ ለልጁ ይሰጣል፤ እሷ ከሰው መሀል ባሏን ፈልጋ፣ ተንበርክካ ታጠጣዋለች። ያኔ ነው ተጋቡ የሚባለው። ከሰፈር የተገዛ ጠጅ አይቆጠርም። ኤዘንዋ ደግሞ ይህን ሰርግ አንዴ ወገቤን አመመኝ፣ አንዴ ዝናቡ በዛ እያለ ሁለት ጊዜ አራዝሞታል።

አሁንም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ? ጠጅ ከሌለ ጋብቻ የለም። ለከርሞ ያድርሰን» አለ።

«ኧረ ወንድሜ!» አለ ኦኩዎሳ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ጠዋት ደውለው በድልድዩ በኩል ኑ፣ ያጥርላችኋል ያሉን? ለኛ ለሽማግሌዎቹ አዘኑልን ብለን መርቀንዎት ነበር እኮ!»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ወንድሜ ያንን ኬላ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የራሱን ቢራ እዚያው ሰባብረውበት ስንት ቀን ሲራገም ከርሟል። ፊቱን ባየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በገዛ ልጁ! እንዲህ ያለ ጉድ በቤታችን አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

ንኪሩካ ቅሉን አንስታ ኦኩዎሳ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ቀሚስዎን ያውልቁልኝ።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ያውልቁልኝ!»

ሽማግሌው በካኔተራ ቀረ። እሷ ቀሚሱን ጠምዝዛ ቅሉ ላይ ጨመቀችው። አቧራ ያደፈረሰው ጠጅ ጠብ ጠብ እያለ ቅሉ ውስጥ ተጠራቀመ። ከዚያ ወደ አባቷ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ከኬኔቺ ቤት የመጣ ጠጅ ይኸው። ባርከህ ስጠኝ።»

«ይሄ ላብ ነው እኮ!»

«ላቡም ከነሱ ቤት ነው!» አልኩ፤ አላስችል አለኝ።

ኤዘንዋ ቅሉን ተቀበለ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ መልሶ ሰጣት። ሙሽራው ኬኔቺ ከኋላ ተደብቆ ነበር፤ ፈልጋ አገኘችው፣ ተንበረከከች። ፊቱን ሳያጨማድድ ጨለጠው። ሴቶቹ ግቢውን በእልልታ አቀለጡት።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። ልኩን ልነግረው ወደ ወንድሜ ሄድኩ።

«አንተ ምን ዓይነት...» ስል ቀና ሳይል አቋረጠኝ።

«ኡጎዬ እህቴ፣ እሷ ስትሄድ ማታ ማታ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

ሚስቱን የቀበርን ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁበትም። ስድቤን ዋጥኩና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።