አንደኛ የወጣው አጋዘን

አጋዘኑ በፕሮጀክተር ብርሃን ግድግዳው ላይ ቀንዱን እንደ መንሽ ዘርግቶ ቆሟል፤ አለቃው ሲክስተን ግን አጋዘን መሆኑን አላወቀም። በብርሃን ጠቋሚው ሆዱን እየነካካ፣ «ለመድኃኒት ከታሰቡት አሥራ አንድ ሚሊዮን ውህዶች ኮምፒውተራችን አንደኛ ያወጣው ይኼን ነው» አለ። «የቫይረሱ ፕሮቲን ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ መራባት የለ፣ ምን የለ!»

ኬሚስቱ ሂልዲንግ ከኋላ ወንበር ላይ የቀረፋ ዳቦውን እንደ ጎረሰ ቀረ። አጋዘኑን የሣለው እሱ ነው።

በዚህ የኡፕሳላ ቤተ ሙከራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአሲድ እጁን ሲያስልጥ፣ ከኮምፒውተር ማውስ በቀር ምንም ጨብጠው የማያውቁ እነዚህ ሊቃውንት እንኳን በብልቃጥ በሕልምም የማይሠራ ነገር እየሣሉ «ሥራልን» ሲሉት ኖረዋል። አንዱ ውህዳቸውማ ገና ስሙ ሲጠራ ፈንድቶ የጣሪያውን መብራት ይዞት ሄደ ብሎ ይምላል። ንቀቱ አላስችል ቢለው፣ አራት እግርና ቀንድ ያለው ሞለኪውል ሣለና ዝርዝራቸው ውስጥ ሸጎጠው። አንድ ሰው አይቶ እስኪስቅ ጠበቀ። ማንም አልሳቀም።

«ዘንድሮ ሠርተን በአይጦች ላይ ወደ መሞከር የምናሳልፈው አንድ ውህድ ብቻ ነው» ሲል ሲክስተን ቀጠለ። «ስለዚህ የቬንዴላ ውህድ ይቆማል። ኮምፒውተሩ አርባ ሦስተኛ ነው ያወጣው።»

ተመራማሪዋ ቬንዴላ ከወንበሯ ቀና አለች። ሦስት ዓመት ለፍታበታለች፤ ውህዱም በሕዋሳት ላይ ተሞክሮ ቫይረሱን አጥፍቷል። በብልቃጥ የሠራላት ሂልዲንግ ነው። በዚህ ቤት እሱ የማይንቃት ሰው እሷ ብቻ ናት።

«የኔ እኮ ሠርቷል፣ ሲክስተን። ያንተ ገና አልተወለደም።»

«ስሌቱ ይወልደዋል።»

ላም አለኝ በሰማይ! ሂልዲንግ ዳቦውን በግድ ዋጠ። ዝም ካለ ዓመቱን አጋዘን ሲያበስል ይከርማል፤ የቬንዴላ ልፋትም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀበራል። ከተናገረ ደግሞ ዛሬውኑ ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ተነሣ።

«ይኼን የሣልኩት እኔ ነኝ። አጋዘን ነው።»

«ምን?»

ማርከር አንሥቶ ነጩ ሰሌዳ ላይ እጁን ሳያነሣ በአንድ መሥመር ሣለው፦ እግሩን፣ ጀርባውን፣ አፍንጫውን፣ ቀንዱን። «ይኸው! ምን ያህል እንደምታስተውሉ ልፈትን ብዬ፣ ባለፈው ወር ነው ዝርዝሩ ውስጥ የከተትኩት። በምድር ላይ አይሠራም። ቀንዱ ገና ሲገጠም ይበታተናል።»

ሲክስተን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። ሂልዲንግ ስድቡን ጠበቀ።

«እዚህ አፍንጫው ላይ» አለ ሲክስተን ቀስ ብሎ፣ «ክሎሪን ብንጨምርበትስ?»

ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ እንዲያውም መጻፍ ጀመረ። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ተሰጥኦ የት ደብቀኸው ኖርክ?» አለው ሲክስተን።

ሂልዲንግ ሳቁ አመለጠው። አብራው እንድትስቅ ወደ ቬንዴላ ዞረ። እሷ ግን ሰሌዳውን አልነበረም የምታየው። እሱን ነው፤ ያውም እሱ ሌሎቹን በሚያይበት ዓይን።

«ባለፈው ወር?» አለችው። «ወር ሙሉ ከኔ ጋር የሚወዳደረው ቀልድ መሆኑን እያወቅክ አብረኸኝ ምሳ ስትበላ ነበር?»

ሲክስተን ማርከሩን ከሂልዲንግ እጅ ላይ ወስዶ፣ ከኋላው ሲጥ ሲጥ እያደረገ ክሎሪኑን መሣል ጀመረ።